ሞልቶ የሚፈስ ፊኛ፦ የቆየ ስኳርና የሚያመልጥ ሽንት

ስኳር ሕመም ለብዙ ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰዎች ስለ ዓይናቸው ያወራሉ፤ ለእግራቸው ይጠነቀቃሉ፤ ኩላሊታቸው እንዳይደክም ይሰጋሉ። ሽንታቸውን ግን አያነሡም። ሽንት ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጣቸው፣ ሲስቁና ሲያስሉ ልብሳቸው የሚረጥብ፣ ሌሊት ተነሥተው አንሶላ የሚቀይሩ እናቶችና አባቶች ቀጠሯቸው ሲደርስ ስኳራቸውን ተለክተው፣ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሐኪሙ ወረፋው ስለሚያጣድፈው አይጠይቅም፤ እነሱም ደፍረው አይናገሩም። ያልተነገረውን ነገር ግምት ይተካዋል፦ ብርድ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ኢንሱሊኑ ነው።

ግምቶቹ ጉዳት የሌላቸው ቢሆኑ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የቆየ ስኳር ያለበት ሰው ሽንት የሚያመልጠው በብዙ ምክንያት ነው፤ ምክንያቶቹም አንዳንዴ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አንዱን የሚያሽለው መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ከማንኛውም ሕክምና በፊት «ይህ ሽንት ለምን አመለጠ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚህ በታች የማነሣቸውን አባባሎች የመረጥኳቸው ይህን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ስለሚዘጉት ነው።

«ስኳር ስላለብኝ ብዙ እሸናለሁ፤ ብዙ ስለምሸናም ያመልጠኛል»

ግማሹ እውነት ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ያጣራውን ስኳር ሁሉ ወደ ደም መመለስ ያቅተዋል። የተረፈው ስኳር ወደ ሽንት ይወርዳል፤ ሲወርድም ውሃ አስከትሎ ነው። ጤነኛ አዋቂ በቀን በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይሸናል፤ ስኳሩ ያልተያዘለት ሰው ግን ከ3 ሊትር በላይ ሊሸና ይችላል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሣል። ጉልበቱ የሚያመው ወይም ዓይኑ የደከመ ከሆነ ደግሞ በር ሳይከፍት ያመልጠዋል። የዚህ ሰው መድኃኒቱ ስኳሩን ማስተካከል ነው፤ ስኳሩ ሲወርድ የሽንቱ ብዛት በቀናት ውስጥ ይቀንሳል።

ስኳራቸው ተስተካክሎም ማምለጡ የማይተዋቸው ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ለእነሱ «ስኳርዎን ይቆጣጠሩ» ብሎ መሸኘት በቂ አይደለም። ልዩነቱን በቤት ውስጥ መለየት መጀመር ይቻላል፦ መስመር ባለው ማሰሮ ወይም ባረጀ የፕላስቲክ መለኪያ ሽንትን መለካት። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚወጣው ብዙ ከሆነና የቀኑ ድምር ከፍ ካለ ጣታችን ወደ ስኳሩ ያመለክታል። በየሰዓቱ እየተሮጠ የሚወጣው ጥቂት ጥቂት ከሆነ ግን ችግሩን ከፊኛውና ከነርቩ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

«እየፈሰሰኝ ፊኛዬ እንዴት ሊሞላ ይችላል?»

ከሁሉ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ግምት ነውና።

የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊሊትር ሽንት ይይዛል። ገና ግማሽ ያህሉ ሳይሞላ ነርቮች ለአንጎል ወሬ ያደርሳሉ፤ ሰውዬውም «ሽንቴ መጣ» ይላል። ሽንት ቤት እስኪደርስ የፊኛው ግድግዳ ተዝናንቶ፣ መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ ጠብቆ ይቆያል። ሲቀመጥ ተራው ይለወጣል፦ መውጫው ይከፈታል፤ ግድግዳው ይኮማተርና ሽንቱን ይገፋል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብሩት ከአከርካሪ አጥንት የታችኛው ክፍል ወደ ፊኛ የሚሄዱ ነርቮች ናቸው።

ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ነርቮችንም፣ ነርቮችን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ማታ ማታ እግራቸውን የሚያቃጥላቸው፣ ነጠላ ጫማ ከእግራቸው ወልቆ ሲቀር የማይታወቃቸው ሰዎች ይህን ጉዳት በእግራቸው ያውቁታል። በፊኛም ላይ የሚደርሰው ያው ጉዳት ነው። እግር ግን ያቃጥላልና ይናገራል፤ ፊኛ ስሜቱን ሲያጣ ምንም ሕመም የለውም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ጥንካሬ ይመስላል። ድሮ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይሸኑ የነበሩ ሴት አሁን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሄዳሉ፤ ረጅም መንገድ ሲጓዙ ሌላው ሲወርድ እሳቸው አይወርዱም። «እኔ ሽንት መያዝ እችላለሁ» ይላሉ። ፊኛው ግን እየተለጠጠ ነው። አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይዞ ምንም ላይሰማቸው ይችላል።

ቀጥሎ ግድግዳው ይደክማል። ሽንት ለመጀመር መጠበቅ፣ ማማጥ፣ ሆድን በእጅ መጫን ይመጣል፤ የሚወርደው ይቀጥናል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ከሽንት ቤት ሲወጡ ከገባው ገሚሱ ውስጥ ቀርቷል። በመጨረሻ ፊኛው ከዚህ በላይ መያዝ ሲያቅተው በጠብታ በጠብታ ማፍሰስ ይጀምራል፤ በተለይ ሌሊት፣ ወይም ከተቀመጡበት ሲነሡ። እንስራ ከአፉ ሞልቶ በጎኑ ሲፈስ ውስጡ ባዶ ነው የሚል የለም፤ የሚፈሰው ስለሞላ ነው። የዚህም ፊኛ ነገር እንደዚያው ነው። ሰውዬው ግን ልብሱ ስለረጠበ ብዙ የሸና ይመስለዋል።

ዴንማርካዊው ሐኪም ፍሪሞት-ሙለር ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ፊኛ መርምሮ ይህን ችግር በዝርዝር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። አዲስ ግኝት አይደለም ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ዛሬም ብዙ ታካሚዎች ስለ እግር ነርቭ ሲነገራቸው ስለ ፊኛ ነርቭ አንድም ቃል አይሰሙም፤ ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ውስጥ የሚቀረው ሽንት ማሳፈር ብቻ አይደለም ሥራው። ጀርም ይራባበታል፤ ጠጠር ይሠራበታል፤ እየባሰ ሲሄድም ግፊቱ ወደ ላይ ተመልሶ ቀድሞውኑ በስኳር የሚፈተነውን ኩላሊት ይጎዳል።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። በሌሎች ሰዎች ዘንድ፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ገና ብዙ ሳይገፋ፣ የተጎዳው ፊኛ ከመፍዘዝ ይልቅ ይቆጣል። ትንሽ ሽንት ሲገባበት ሳይታዘዝ ይኮማተራል። ሰውዬው በድንገት ይጣደፋል፤ ቁልፉን ከበር ላይ ሳያዞር ያመልጠዋል። ለዚህ ዓይነቱ ፊኛ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አሉ፤ ይረዳሉም። ያንኑ መድኃኒት ቀድሞውኑ ለደከመውና ለሞላው ፊኛ ብንሰጥ ግን ያለችውንም ጥቂት ጉልበት ይወስድበታል፤ ሽንቱ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ አንዳንዱ ፊኛ ሁለቱንም መሆኑ ነው፦ ቶሎ ይቆጣል፣ ሲሸና ግን አይጨርስም።

ስለዚህ የጎረቤትን ክኒን ተውሶ መዋጥ በዚህ ሕመም ላይ አደገኛ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ደግሞ ከባድ አይደለም። በደንብ ይሸናሉ፤ ወዲያው በአልትራሳውንድ ፊኛ ውስጥ የቀረው ይለካል። አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ50 ሚሊሊትር ያልበለጠ ቢቀር ፊኛው ሥራውን እየሠራ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሊትር ከቀረ ግን ሕክምናው አቅጣጫውን ይለውጣል። ሽንት ለሚያመልጠውና ስኳር ለቆየበት ሰው ይህ ልኬት ሳይደረግ መድኃኒት መታዘዝ የለበትም፤ ልኬቱ ካልታዘዘልዎትም «ከሸናሁ በኋላ የሚቀረው ይለካልኝ» ብለው ይጠይቁ።

ለደከመ ፊኛ የመጀመሪያው እርዳታ ሰዓት ነው። ስሜቱ ስለጠፋ ስሜቱን መጠበቅ አይቻልም፤ ሽንት መጣም አልመጣም በየሦስትና አራት ሰዓቱ መሄድ ነው። ከሸኑ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መሞከርም የቀረውን ያስወጣል። ይህ ካልበቃ በቀን ጥቂት ጊዜ ቀጭን ቱቦ ራስ አስገብቶ ማስወጣት አለ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሱ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጃክ ላፒደስ የተባለ ሐኪም ለዚህ ሥራ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያህል ንጽሕና እንደማያስፈልግ፣ በደንብ የታጠበ እጅና ንጹሕ ቱቦ እንደሚበቃ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ሰዎች በቤታቸው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ሽንት ቤት ያደርጉታል፤ ሠርተው ይኖራሉ፤ ይጓዛሉ።

እዚህ ላይ ሾፌሮችን ሳላነሣ አላልፍም። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ታክሲ የሚያሽከረክር ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ቤት ስለማያገኝ ወይም ፌርማታውን ላለማጣት ለሰዓታት ይይዛል። የነርቩ ስሜት በቀነሰበት ፊኛ ላይ ይህ ልማድ ሌላ ጭነት ነው። የቀን ሥራውን ሲያቅድ ነዳጅ እንደሚያስበው ሁሉ ሽንት ቤቱንም ያስብ።

«ውሃ ብቀንስ ይሻለኛል»

ጾም ላይ ያለ የሚመስል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል፤ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሊወጣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይቀምስም። ከሁለት ሰዓት ጉዞ በፊት እንዲህ ማድረግ አይገርምም። ኑሮ ሲሆን ግን ይጎዳል። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ያስቆጣል፤ ማጣደፉ ይብሳል። ሰውነት ሲደርቅ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፤ የሆድ ድርቀትም ይመጣል። የሞላ አንጀት ደግሞ ከጎኑ ያለውን ፊኛ ስለሚጫን ማምለጡን ያባብሳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ሐኪም መጠኑን ካልወሰነለት በቀር ሰው ጥማቱን ተከትሎ ይጠጣ።

መቀየር ያለበት የመጠጫው ሰዓትና የሚጠጣው ዓይነት ነው። ከመተኛት ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት መቀነስ የሌሊቱን መነሣት ያቀላል። ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። ቡናስ? ቡና የሽንቱን መምጣት ያፋጥናል፤ የሚቆጣ ፊኛ ላለው ሰው በተለይ። ከጎረቤት ጋር የሚጠጣውን ቡና ሙሉ በሙሉ ከልክሎ ሰውን ከወግ ማራቅ ግን አልወድም። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን መተው፣ የማታውን ቡና ወደ ጠዋት ማምጣት ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ሞክሮ ለውጥ ካልታየ ቡናው ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው።

«ብርድ ነው፤ ኩላሊቴን ነው»

ሽንት ሲያቃጥል፣ ሲያጣድፍ፣ ሲያመልጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብርድን ነው። ቀዝቃዛ ቀን ሽንት ያበዛል፤ ነርቭን ግን አያበላሽም፤ ጀርምም አይፈጥርም። ኩላሊትም ቢሆን ሽንትን የሚሠራ እንጂ የሚይዝ አካል ስላልሆነ ሽንት ማምለጥ የኩላሊት መድከም ምልክት ነው ብሎ መፍራት ተገቢ አይደለም። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ የሚታወቀው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ያመለጠውም ያላመለጠውም በየዓመቱ ያን ምርመራ ያድርግ።

በብርድ ስም የሚያልፈው እውነተኛ ጠላት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ፊኛው የማይጨርስ ከሆነ ደግሞ ይመላለሳል። በአረጋውያን ላይ ምንም ሳያቃጥል፣ በድንገት ሽንት ማምለጥ ወይም መወዛገብ ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ የጀመረ ማምለጥ የሽንት ምርመራ ይፈልጋል። ሌላ ወገንም አለ፦ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልታሰበ በቀር፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ከፋርማሲ በራስ እየገዙ መዋጥ ጀርሙን ከማልመድ በቀር ጥቅም የለውም።

«ለሴት የወሊድ ነው፤ ለወንድ ፕሮስቴት ነው»

ወሊድ የዳሌን ወለል ጡንቻ እንደሚያላላ እሙን ነው። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ እንስራ ወይም ጀሪካን ሲያነሡ የሚያመልጠው ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ሦስት ልጅ ወልደው ለሃያ ዓመት ምንም ያልሆኑ ሴት ስኳር ከያዛቸው በኋላ ማምለጥ ከጀመራቸው ሁሉንም በወሊድ ላይ መጣል ልክ አይደለም። በተለይ የውፍረት ድርሻ መዘንጋት የለበትም። ሆድ ላይ የተከማቸ ክብደት ቀን ከሌሊት ፊኛን ይጫናል። በአሜሪካ ወደ ስኳር ሕመም በተጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገው ታላቅ የመከላከያ ጥናት፣ አመጋገባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ከተረዱት ሴቶች መካከል በየሳምንቱ ሽንት የሚያመልጣቸው 38 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ምንም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከወሰዱት 46 በመቶ፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 48 በመቶ። ክኒኑ ያልሠራውን እርምጃው ሠራው።

የዳሌ ወለል ጡንቻን ማሠራትም ይጠቅማል። አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም አርኖልድ ኬጌል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ነው። ሽንትና ፈስ ለመያዝ የሚጨበጠውን ጡንቻ ለአምስት ሰከንድ ጨብጦ ያን ያህል መልቀቅ፣ ዐሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ቀስ በቀስ እስከ ዐሥር ሰከንድ ማድረስ። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድ አይጨበጥም። ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ስለሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ ተስፋ አይቆረጥም። ወንዶችም ሊሠሩት ይገባል።

ከአስቸጋሪ ምጥ ወዲህ ያለማቋረጥ፣ ቀንም ሌሊትም የሚፈስ ሽንት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ስኳር አላመጣውም፤ በስኳር ሕክምናም አይድንም። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒታል ሥራው ይህ ነው። የማኅፀን መውጣትም እንዲሁ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው።

ወደ ወንዶቹ ስንመጣ ያበጠ ፕሮስቴት መውጫውን ይዘጋል፤ በስኳር የደከመ ፊኛ ደግሞ መግፋት ያቅተዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፦ ቀጭን ሽንት፣ ማማጥ፣ ጠብታ። ቀዶ ሕክምና በሩን ይከፍታል፤ የሚገፋ ጉልበት ከሌለ ግን የተከፈተው በር ብዙም አይፈይድም። ስኳር የቆየበት ወንድ ለፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ከመፈረሙ በፊት የፊኛው ጉልበት እንዲመረመርለት ይጠይቅ።

«መድኃኒቱ ነው፤ ልተወው»

አንዳንዴ በእርግጥ መድኃኒቱ ነው። ኢንሱሊን ግን ፊኛን አያደክምም፤ ይልቁንም ነርቭን ከሚጎዳው ስኳር ይከላከላል። ኢንሱሊኑን ያቆመ ሰው የባሰ ይሸናል። ከስኳር ጋር አብረው የሚታዘዙት ግን በየራሳቸው መታየት አለባቸው። ለደም ግፊትና ለኩላሊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ያ ሳል ደግሞ ሽንቱን ያስመልጣል። ሴትዮዋ ለሳሉ ሽሮፕ፣ ለሽንቱ ሞዴስ ሲገዙ ይኖራሉ፤ ክኒኑ በሌላ ቢቀየር ሁለቱም ሊያበቁ ይችላሉ። እንደ ላሲክስ ያሉ ውሃ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ማታ ከተወሰዱ የሌሊት እንቅልፍ ይነሣሉ፤ ሐኪሙ ካልከለከለ ወደ ጠዋት ማዛወር ይበጃል። ለእግር ማቃጠል የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የፊኛን መኮማተር ያዳክማል፤ የሞላ ፊኛ ላለው ሰው ችግር ነው። ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉት አዳዲሶቹ የስኳር ክኒኖች የሚሠሩት ስኳርን በሽንት በማስወጣት ስለሆነ ሽንት ያበዛሉ፤ የብልት ፈንገስም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለልብና ለኩላሊት ግን ትልቅ ጥቅም አላቸው። ሜትፎርሚንን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ በደም ምርመራ ታውቆ ይታከማል።

አንዳቸውም በራስ ፈቃድ አይቆሙም። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ ነው።

«ዕድሜ ነው፤ አሁን ምን ይደረጋል?»

ዕድሜ ፊኛን ይለውጣል፤ ግን ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የማያመልጣቸው ብዙ ናቸው። ዕድሜ በሚል ስም የሚታለፈው ሌላም ነገር አለ፤ እሱም መንገዱ ነው። ሽንት ቤቱ ከቤት ተለይቶ በግቢው ጥግ ከሆነ፣ ደረጃ ካለው፣ ሌሊት መብራት ከሌለው፣ ዓይናቸው በስኳር ለደከመና እግራቸው ለፈዘዘ አባት ፊኛቸው ደህና ቢሆን እንኳ ሊያመልጣቸው ይችላል። አልጋ አጠገብ ፖፖ ማኖር፣ የእጅ ባትሪ፣ ቶሎ የሚወልቅ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ ከዕቃ ማጽዳት ብዙ ክኒን የማያደርገውን ያደርጋል። መውደቅንም ይከላከላል።

ስኳርን አሁን መቆጣጠር ትርጉም የለውም የሚለውም አይጸናም። በመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ላይ በ1,441 ሰዎች ዘንድ የተደረገው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲታተም፣ ስኳራቸው በጥብቅ በተያዘላቸው ዘንድ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የሞተ ነርቭ እንደ አዲስ ይበቅላል ብዬ ተስፋ አልሰጥም፤ ለረጅም ጊዜ የተለጠጠ ፊኛ የቀድሞ ጉልበቱን ላያገኝ ይችላል። የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። የሽንቱ ብዛትና ኢንፌክሽኑም ስኳሩ በተያዘ መጠን ይቀንሳሉ።

«ይህ ለሐኪም የሚነገር ነገር አይደለም»

ሰው በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ከመስጊድ ይቀራል፤ ዕድሩን በልጁ ይልካል። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሽንት የማይቋረጥባቸው ሰዎች ለየሰላቱ ውዱእ እያደረጉ እንዲሰግዱ የእስልምና ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ፈቅደዋል። ክርስቲያኑም ነገሩን ለንስሐ አባቱ ቢገልጽ ብቻውን ወስኖ ከመቅረት ይሻላል፤ ሕመም ነውር አይደለምና።

በውጭ አገር ያለው ዝምታ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እናት ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ነው። ወንድ ልጃቸው ፊት «ሽንቴ ያመልጠኛል» አይሉም። ስኳር፣ ግፊት፣ ጉልበት ተብሎ ቀጠሮው ያልቃል። አሜሪካ ላይ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አስተርጓሚ ሴት እንድትሆን መጠየቅም ይቻላል። ልጆችም «እማዬ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅሽ?» ማለትን ይልመዱ።

መናገር የከበደው ሰው በወረቀት ይናገር። ሦስት ቀን ሙሉ የጠጣውንና ሰዓቱን፣ የሸናበትን ሰዓትና መጠን፣ ያመለጠው መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደሆነ ይጻፍ፤ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ የልጅ ልጅ ይጻፍላቸው። ያቺ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ሐኪሙ የትኛው ፊኛ ፊቱ እንዳለ ግማሹን ያውቃል። ቀሪውን የሽንት ምርመራ፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይና ከሽንት በኋላ የሚደረገው አልትራሳውንድ ይነግሩታል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ፦ ሽንት ጨርሶ እምቢ ሲል፣ ሽንት ደም ሲቀላቅል፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ሲኖር፤ እንዲሁም ማምለጡ በድንገት ጀምሮ እግር ሲዝል፣ በመቀመጫና በጭን መካከል ሲደነዝዝ ወይም ሰገራም ሲያመልጥ። ይህ የመጨረሻው የአከርካሪ ነርቮች መታፈን ሊሆን ስለሚችል ሰዓታትም ዋጋ አላቸው፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።